ዊንዶውስ ከተለወጠ በኋላ ቀጥ ብሎ የሚቆም የፊልም ማጫወቻን ስለ መጠገን

(ለልማት ሠራተኞችና ለገበሬዎች የቀረበ ትምህርት)



በዚህ ገጽ ዘወትር የምንነጋገረው ስለ ዘር፥ ስለ ማዳበሪያና ስለ ሰብል ጠላት ነው። ዛሬ ግን ትምህርቱ ስለ አንድ ዕቃ ይሆናል። ዕቃውም በየቀበሌው የማሠልጠኛ ማዕከል የእርሻ ፊልም የምናሳይበት ላፕቶፕ ነው። ማረሻው የዶለዶመ ገበሬ አስቀድሞ ማረሻውን እንደሚያስሞርድ ሁሉ፥ በፊልም የሚያስተምር ሠራተኛም የፊልሙን መሣሪያ ማወቅ ይገባዋል። መሣሪያው በማስተማሪያው ሰዓት ሲቆም የሚጐዳው ሠራተኛው ብቻ አይደለም፤ ማሳውም አብሮ ይጐዳል። ይህም እንዴት እንደሚሆን ከራሴ ጥፋት ተነሥቼ እነግራችኋለሁ።

ይህን ትምህርት ለመጻፍ ያነሣሣኝ ነገር

በ2017 ዓ.ም. በሰኔ ወር በቆሎ አብቃይ በሆነ አንድ ቀበሌ የአሜሪካ ተምች ታየ። ይህ ተምች በ2009 ዓ.ም. በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየ መጤ ተባይ ነው። ትሉን ከሌሎች ትሎች ለይቶ ለማወቅ ሁለት ምልክቶች አሉት። አንደኛው በራሱ ላይ የተገለበጠ ባላ የሚመስል ነጣ ያለ መስመር ነው። ሁለተኛው በጅራቱ አጠገብ በአራት ማዕዘን የተቀመጡ አራት ጥቋቁር ነጥቦች ናቸው። ትሉ ገና ትንሽ ሳለ ዕንቁላሉንም ትሉንም በእጅ ለቅሞ ማጥፋት ይቻላል። ካደገ በኋላ ግን የበቆሎው ለጋ ቅጠል ተጠቅልሎ በሚወጣበት መካከል ገብቶ ይወሸቃል፤ በላዩም እንደ ሰጋቱራ ያለ ኩሱ ይከመርበታል፤ መድኃኒት ቢረጩም በቀላሉ አይደርሰውም። ስለዚህ ገበሬው ተባዩን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለይቶ ማወቅ አለበት።

እኔም ይህን ምልክት የሚያሳይ የ12 ደቂቃ ፊልም ይዤ ወደ ቀበሌው ሄድሁ። ከመሄዴ በፊት በነበረው ቀን በወረዳው ከተማ ኢንተርኔት ስላገኘሁ ላፕቶፑን ከዊንዶውስ 10 ወደ ዊንዶውስ 11 ለውጬው ነበር። ሥራው ሲያልቅ ላፕቶፑ ተነሣ፤ የተጻፉትም ወረቀቶች ተከፈቱ፤ እኔም ደኅና ነው ብዬ ዘጋሁት። ፊልሙን ግን አልሞከርሁትም።

በማታው ሕዝቡ በማሠልጠኛው ግቢ ተሰበሰበ። ፊልሙ ተጀመረ። በሦስተኛው ደቂቃ ተናጋሪው «አሁን የትሉን ራስ ተመልከቱ» ሲል ሥዕሉ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ድምፁ ግን መናገሩን ቀጠለ። ዘግቼ ከፈትሁት፤ እንደ ገና ቆመ። በድንጋጤ ይህንንም ያንንም መነካካት ጀመርሁ። የነካሁትን ስላልጻፍሁ የትኛው ምን እንዳደረገ አላወቅሁም። በመጨረሻ ባትሪው አለቀ፤ ሰውም ትሉን ሳያይ ወደየቤቱ ሄደ።

ሲወጡም አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው፥ «ልጄ፥ አዲስ በሬ የገዛህ እንደ ሆነ አስቀድመህ በባዶ ማሳ ትሞክረዋለህ እንጂ በዘር ቀን አትጠምደውም» አሉኝ።

ላፕቶፑን አሠርቼ ለመመለስ አንድ ሳምንት ፈጀብኝ። ብልሽቱ ሲገኝ ግን በግማሽ ደቂቃ የሚስተካከል ነበር። በሁለተኛው ማታ ፊልሙ እስከ መጨረሻው ሄደ። አንዲት እናት የትሉን ራስ በፊልሙ ካዩ በኋላ፥ «ይህን ያን ጊዜ አይቼው ቢሆን ኖሮ ልጆቼን ይዤ እለቅመው ነበር፤ እኔ የቅጠል ትል መስሎኝ ተውሁት» አሉ። በማግሥቱ ማሳቸውን አየሁት፤ ከበቆሏቸው ብዙው መካከሉ ተበልቶ ነበር። እንግዲህ አንድ ሳምንት ለላፕቶፕ ትንሽ ጊዜ ነው፤ ለተምች ግን ብዙ ነው።

ፊልም በኮምፒዩተር ውስጥ እንዴት ይሠራል?

ጥገናውን ከመማራችን በፊት አሠራሩን እንወቅ። ምክንያቱን የማያውቅ ሰው መድኃኒቱን በግምት ይሰጣል።

ፊልም ማለት አንዱ ካንዱ ቀጥሎ በፍጥነት የሚታይ የብዙ ሥዕሎች ስብስብ ነው። በአንድ ሰከንድ ውስጥ 25 ያህል ሥዕሎች ያልፋሉ። እነዚህ ሁሉ እንዳሉ ቢቀመጡ ፍላሹም ሆነ ኮምፒዩተሩ አይበቃቸውም። ስለዚህ ጥጥ በጆንያ ተጠቅጥቆ እንደሚጫን ፊልሙም ተጠቅጥቆ ይቀመጣል። የመጠቅጠቂያው ስልት በእንግሊዝኛ «ኮዴክ» ይባላል። ዛሬ በብዛት የሚገኙት በ1995 ዓ.ም. የወጣው ኤች 264 የሚባለውና፥ በ2005 ዓ.ም. የወጣው ኤች 265 የሚባለው ናቸው። ሁለተኛው ይበልጥ ስለሚጠቀጥቅ ፋይሉ ያንሳል፤ ሲፈታ ግን ብዙ ጕልበት ይጠይቃል።

ፊልሙ በሚታይበት ጊዜ ጥቅጥቁን የሚፈታው ወይ የኮምፒዩተሩ ዋና አእምሮ ማለት ፕሮሰሰሩ ነው፤ ወይም ለሥዕል ብቻ የተሠራ ልዩ ክፍል ነው። ይህን ልዩ ክፍል እንደ በሬ ቍጠሩት፤ ለዚያ ሥራ የተፈጠረ ስለ ሆነ ሳይደክም ፈጥኖ ይሠራል። ዊንዶውስ ደግሞ እንደ ቤቱ ጌታ ነው፤ ሥራውን ሁሉ ያዝዛል። በጌታውና በበሬው መካከል ያለው «ድራይቨር» ይባላል፤ ትርጕሙም እንደ ስሙ ነጂ ማለት ነው። ጌታው ያዘዘውን በሬው በሚገባው ድምፅ የሚናገረው ይህ ነጂ ነው።

አሁን ዊንዶውስ 10 ወጥቶ ዊንዶውስ 11 ሲገባ የቤቱ ጌታ ተለወጠ ማለት ነው። ነጂው ግን የድሮው ሆኖ ቀርቶ የአዲሱን ጌታ ትእዛዝ በሚገባ ላይረዳ ይችላል። ወይም የድሮው ነጂ ተባርሮ በምትኩ የበሬውን ጠባይ የማያውቅ ተራ ነጂ ተተክቶ ይሆናል። በዚህ ጊዜ በሬው በትልሙ መካከል ይቆማል፤ ሥዕሉም ቀጥ ይላል። ድምፁ የሚፈታው በሌላ መንገድ ስለ ሆነ ሳይቆም ይቀጥላል። እንግዲህ ሥዕል ቆሞ ድምፅ ሲቀጥል ጥርጣሬያችንን አስቀድመን በነጂው ላይ እናደርጋለን።

ይህ ችግር በእነዚህ ዓመታት የበዛበት ምክንያት አለ። ዊንዶውስ 11 የወጣው በመስከረም ወር 2014 ዓ.ም. ነው። ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ደግሞ በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ስለዚህ ብዙ ሰው ነባር ላፕቶፑን ይዞ ወደ አዲሱ ተሻገረ። መሻገሩ ለደኅንነት የሚጠቅም ነው፤ ክፉው ነገር ሳይሞክሩ መሻገር ነው።

ብልሽቱን በምልክቱ ስለ መለየት

የታመመ በሬ አፍ የለውም፤ ገበሬው ግን ጆሮውን፥ ዐይኑንና ኵበቱን አይቶ ሕመሙን ይለያል። ላፕቶፑንም እንዲሁ በሦስት ጥያቄ መርምሩት።

1ኛ፤ የሚቆመው አንድ ፊልም ብቻ ነው ወይስ ሁሉም? አንዱ ፊልም ብቻ፥ ያውም ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ላይ የሚቆም ከሆነ ፋይሉ ሲገለበጥ ተበላሽቷል ማለት ነው። ከምንጩ እንደ ገና ገልብጡት እንጂ ላፕቶፑን አትንኩ።

2ኛ፤ የሚቆመው በአንድ ማጫወቻ ብቻ ነው ወይስ በሁሉም? ፊልሙን በሌላ ማጫወቻ፥ ለምሳሌ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ በሚመጣው ክፈቱት። በዚያኛው ደኅና ከሄደ ችግሩ ከመጀመሪያው ማጫወቻ ወይም ከአሠራር ምርጫው ነው። በሁሉም ከቆመ ግን ነጂውን ጠርጥሩ።

3ኛ፤ የሚቆመው ፕሮጀክተሩ ሲሰካ ብቻ ነውን? ፕሮጀክተሩን ነቅላችሁ በላፕቶፑ ገጽ ብቻ ሞክሩ። ሲነቀል የሚስተካከል ከሆነ፥ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቍልፍ ከ«ፒ» ፊደል ጋር ተጭናችሁ ሥዕሉ በፕሮጀክተሩ ብቻ እንዲታይ የሚያደርገውን ምርጫ ሞክሩ።

ከዚህም በላይ የአቋቋሙን ዐይነት ተመልከቱ። ሥዕሉም ድምፁም አብረው ቆመው ጥቂት ቈይተው የሚቀጥሉ ከሆነ፥ ፍላሹ ዘገምተኛ ነው ወይም ኮምፒዩተሩ በሌላ ሥራ ተጠምዷል። ዊንዶውስ ከተለወጠ በኋላ ኮምፒዩተሩ ለብዙ ሰዓት በውስጥ ሥራ ሊጠመድ ይችላል። ማጫወቻው ገና ሲከፈት ቀጥ የሚል ከሆነ ደግሞ፥ ከዱሮው የቀረው የአሠራር ምርጫ ከአዲሱ ጋር አልተስማማም ብላችሁ ጠርጥሩ።

የሙከራ ሥርዓት

በሙከራ ማሳ ላይ የምንከተለው አንድ ሕግ አለ። በአንድ መደብ ላይ ዘሩንም፥ ማዳበሪያውንም፥ የመዝሪያ ቀኑንም በአንድ ጊዜ ብንለውጥ፥ ምርቱ ሲጨምር ወይም ሲቀንስ የትኛው እንዳመጣው አናውቅም። ስለዚህ አንዱን ብቻ ለውጠን ሌላውን እንዳለ እንተዋለን፤ ካልተነካው መደብም ጋር እናነጻጽራለን። ላፕቶፕ ሲጠገንም ሕጉ ይኸው ነው።

አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ የለወጣችሁትን በደብተር ጻፉ፤ ፊልሙን ከመጀመሪያው አጫውቱ፤ ካልተስተካከለ የለወጣችሁትን ወደ ነበረበት መልሱና ወደሚቀጥለው ሂዱ። ለመፈተኛም ሁልጊዜ አንድ ፊልም ተጠቀሙ፤ ይኸውም ቀድሞ በዚያው ላፕቶፕ ደኅና ይሄድ የነበረ መሆን አለበት። እኔ በዚያች ማታ ይህን ሕግ በማሳ ላይ እያወቅሁት በላፕቶፕ ላይ ዘነጋሁት። «የቸኰለች አፍሳ ለቀመች» የሚባለውም እንዲህ ላለው ነው።

ኢንተርኔት በሌለበት ቀበሌ የሚሠሩ ጥገናዎች

ከዚህ ቀጥሎ የማሳየው ቪ ኤል ሲ በሚባለው ማጫወቻ ነው፤ ምልክቱም ብርቱካንማና ነጭ የሆነ የመንገድ ሾጣጣ ነው። ይህን ማጫወቻ የመረጥሁት በነጻ የሚገኝ፥ አብዛኛውንም የፊልም ዐይነት ያለ ተጨማሪ ዕቃ የሚፈታ ስለ ሆነ ነው። ሥራው በፈረንሳይ አገር በተማሪዎች ተጀመረ፤ ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ ማንም እንዲጠቀምበት በነጻ ፈቃድ ተለቀቀ።

1ኛ፤ ላፕቶፑን ሪስታርት አድርጉ። ልብ በሉ፤ በዊንዶውስ 10ና 11 «ሸት ዳውን» ብሎ ማጥፋትና «ሪስታርት» ማድረግ አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። ሸት ዳውን ስትሉ ኮምፒዩተሩ በሚቀጥለው ጊዜ ፈጥኖ እንዲነሣ የውስጡን ሁኔታ በከፊል ያስቀምጠዋል። ስሕተትም ካለበት ስሕተቱን ይዞ ይነሣል። ሪስታርት ግን ሁሉን ከመጀመሪያው ያስነሣዋል።

2ኛ፤ ፊልሙን ከፍላሹ ወደ ኮምፒዩተሩ ገልብጡና ከዚያ አጫውቱት። ላፕቶፑንም ከኤሌክትሪክ ወይም ከጸሓይ ኀይል ጋር አገናኙ፤ ባትሪ ለመቈጠብ ተብሎ የተዘጋጀው ምርጫ ፍጥነቱን ይቀንሰዋልና።

3ኛ፤ የማጫወቻውን ምርጫ ወደ መጀመሪያው መልሱ። ቪ ኤል ሲን ክፈቱና «ኮንትሮል» የሚለውን ቍልፍ ከ«ፒ» ፊደል ጋር ተጫኑ፤ «ፕሪፈረንስስ» የሚባለው መስኮት ይከፈታል። ከታች «ሪሴት ፕሪፈረንስስ» የሚለውን ተጫኑና ማጫወቻውን ዘግታችሁ እንደ ገና ክፈቱት። ይህ ምርጫዎችን ብቻ ያጠፋል እንጂ ፊልሞቻችሁን አይነካም።

4ኛ፤ የሥዕሉን በሬ ከሥራ አውጡት። በዚያው በፕሪፈረንስስ መስኮት «ኢንፑትና ኮዴክስ» የሚለውን ገጽ ክፈቱ። «ሃርድዌር አክስለሬትድ ዲኮዲንግ» በሚለው ፊት ለፊት «ኦቶማቲክ» የሚል ይገኛል፤ እሱን ወደ «ዲሴብል» ለውጡና «ሴቭ» በሉ። ከዚያ ማጫወቻውን ዘግታችሁ ክፈቱት። በ2010 ዓ.ም. ከወጣው ከ3ኛው እትም ጀምሮ ቪ ኤል ሲ በልዩ የሥዕል ክፍል መጠቀምን እንደ ልማድ ስለያዘ፥ ነጂው ሲበላሽ ማጫወቻውም አብሮ ይቆማል። ዲሴብል ስትሉት ሥራውን ሁሉ ፕሮሰሰሩ ይሠራል። እኔ ሳምንት ሙሉ የፈለግሁት ጥገና ይህ ነበር።

ነገር ግን ይህ ምርኵዝ እንጂ ፈውስ አይደለም። በሬ ባለበት ቤት ሰው እየቈፈረ እንደ ማረስ ነው። ላፕቶፑ ይሞቃል፤ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ የማታውን ትምህርት ከፈጸማችሁ በኋላ ከተማ ስትወርዱ ነጂውን አስተካክላችሁ ወደ «ኦቶማቲክ» መልሱት።

5ኛ፤ አራተኛው ካልረዳ፥ በዚያው መስኮት «ቪዲዮ» የሚለውን ገጽ ክፈቱና «አውትፑት» ከሚለው ፊት ለፊት ያለውን «ኦቶማቲክ» ወደ «ኦፕን ጂ ኤል» ወይም «ዳይሬክት 3ዲ 9» ለውጣችሁ ሞክሩ። ይህ የተፈታው ሥዕል ወደ ገጹ የሚሄድበትን መንገድ ይለውጣል። በተለይም ድምፅ እየተሰማ ገጹ ጨለማ ሲሆን ይጠቅማል።

ወደ ከተማ ስትወርዱ የሚሠሩ ጥገናዎች

1ኛ፤ ማጫወቻውን አድሱ። የቈየውን ቪ ኤል ሲ አጥፍታችሁ አዲሱን ከሠሪዎቹ ከቪዲዮላን ድረ ገጽ አውርዱ። ከማናቸውም ሌላ ስፍራ አትውሰዱ።

2ኛ፤ ነጂውን መርምሩ። የዊንዶውስ ቍልፍን ከ«ኤክስ» ፊደል ጋር ተጫኑና «ዲቫይስ ማኔጀር» የሚለውን ምረጡ፤ በውስጡም «ዲስፕሌይ አዳፕተርስ» የሚለውን ዘርጉት። በዚያ «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» የሚል ከተጻፈ፥ እውነተኛው ነጂ ጠፍቶ ተራ ነጂ ተተክቷል ማለት ነው። የሥዕሉ ክፍል የራሱ ስም ከተጻፈም ነጂው አርጅቶ ይሆናል። በሁለቱም ጊዜ በዊንዶውስ አፕዴት ውስጥ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ከዚያም «ኦፕሽናል አፕዴትስ» የሚለውን ተመልከቱ። የላፕቶፑ ሠሪ ድርጅት ባዘጋጀው ድረ ገጽም በሞዴሉ ስም ፈልጉ። ከተለወጠ በኋላ ሪስታርት አድርጉ።

3ኛ፤ ከብዶ የተሠራ ፊልም ከሆነ አቅሉት። በቪ ኤል ሲ «ኮንትሮል» ከ«አር» ፊደል ጋር ሲጫኑ መለወጫው ይከፈታል። ፊልሙን ጨምራችሁ ወደ ኤች 264 በኤም ፒ 4 መልክ የሚለውጠውን ምረጡ፤ ለአዲሱም ፋይል ሌላ ስም ስጡት። በማሠልጠኛ ማዕከል ግድግዳ ላይ ለሚታይ ፊልም ቁመቱ 720 ነጥብ የሆነ ሥዕል ይበቃል። ዋናውን ፊልም ግን አትሰርዙ፤ ዘር ይበላል እንዴ?

4ኛ፤ ይህ ሁሉ ካልረዳ ወደ ቀድሞው ዊንዶውስ መመለስ ይቻላል። «ሴቲንግስ»፥ «ሲስተም»፥ «ሪከቨሪ» ብላችሁ «ጎ ባክ» የሚለውን ተመልከቱ። ይህ በር ክፍት የሚሆነው እንደ ተለመደው ዊንዶውሱ ከተለወጠ እስከ 10 ቀን ብቻ ነው። ዊንዶውስ የቀድሞውን በ«ዊንዶውስ ኦልድ» ፎልደር ውስጥ ያቈየዋል፤ ቀኑ ሲያልፍ ያጠፋዋል። ቦታ ያዘብኝ ብላችሁ ቀድማችሁ ካጠፋችሁትም በሩ ይዘጋል። ከመመለሳችሁ በፊት ሰነዶቻችሁን በፍላሽ ገልብጡ። ድጋፉ ያበቃው ዊንዶውስ 10 ግን አዲስ ለሚመጣ የኮምፒዩተር ቫይረስ የተጋለጠ ስለ ሆነ፥ መመለሱ ለጊዜው መሻገሪያ ብቻ ይሁን።

በስልክ ለሚያሳዩ

በስልክ ፊልም የምታሳዩ የልማት ሠራተኞችም ይህ ያገኛችኋል። የስልኩ አንድሮይድ ከታደሰ በኋላ ማጫወቻው ቀጥ ካለ፥ አስቀድማችሁ ስልኩን አጥፍታችሁ አብሩት፤ ከዚያም ማጫወቻውን ከፕሌይ ስቶር አድሱት። ካልሆነ በስልኩ «ሴቲንግስ» ውስጥ «አፕስ» ብላችሁ ማጫወቻውን ምረጡና «ስቶሬጅ» ከሚለው «ክሊር ካሽ» የሚለውን ተጫኑ። በዚያው አጠገብ ያለውን «ክሊር ዳታ» ግን በጥንቃቄ ተመልከቱት፤ አንዳንድ አፕ ያወረደውን ፊልም በራሱ ውስጥ ስለሚያስቀምጥ ፊልሙ አብሮ ይጠፋል። በስልክ ባለው ቪ ኤል ሲም በ«ቪዲዮ» ምርጫ ውስጥ የሃርድዌር አክስለሬሽንን ማጥፋት ይቻላል።

መደረግ የሌለባቸው ነገሮች

ሀ. ከማይታወቅ ድረ ገጽ «የኮዴክ ስብስብ» ወይም «የነጂ ማደሻ» የሚባል ነገር አታውርዱ። አረም ከዘር ጋር ተቀላቅሎ እንደሚገባ፥ ክፉ ፕሮግራምም እንዲህ ባለው ውስጥ ተደብቆ ይገባል።

ለ. በአንድ ጊዜ ሁለት ሦስት ነገር አትለውጡ።

ሐ. ሕዝብ ሰብስባችሁ መጠገን አትጀምሩ። በ10 ደቂቃ ውስጥ ካልተስተካከለ ላፕቶፑን ዝጉና በእጃችሁ ባለው አስተምሩ። እኔ በዚያች ማታ ትሉን ራሱን በብልቃጥ ይዤ፥ የራሱንም ምልክት በጥቁር ሰሌዳ ስዬ ቢሆን ኖሮ፥ ያች እናት ምልክቱን ሳያዩ አይሄዱም ነበር።

ዊንዶውስ ለመለወጥ ለምታስቡ

ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፥ 64 ጊጋባይት ማስቀመጫና «ቲ ፒ ኤም 2.0» የሚባል የደኅንነት ክፍል ይጠይቃል። ላፕቶፑ ይህን ማሟላቱን አስቀድማችሁ እዩ። ለውጡን በተምች፥ በዋግ ወይም በዘር ወቅት አታድርጉት፤ ሥራ በሚቀልበት ወር አድርጉት። ከለውጡ በፊት ፊልሞቹን ሁሉ በሌላ ፍላሽ ገልብጡ፤ የቪ ኤል ሲንም መጫኛ አብራችሁ አስቀምጡ። ከለውጡ በኋላ ላፕቶፑ ከኤሌክትሪክ ጋር ተያይዞ ጥቂት ሰዓት ይቈይ። ከዚያም ፕሮጀክተሩን ሰክታችሁ አንድ ፊልም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አጫውቱ። ሦስት ደቂቃ አይታችሁ አትዝጉት፤ የእኔ ፊልም የቆመው በሦስተኛው ደቂቃ ነበርና።

ገበሬዎችም በበኩላችሁ የልማት ሠራተኛውን፥ «ፊልሙን ዛሬ ሞክረኸዋል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት። ይህ ድፍረት አይደለም። ጊዜው የእናንተ ነው፤ ሰብሉም የእናንተ ነው። «አንድ በሬ ስቦ፥ አንድ ሰው አስቦ» የትም አይደርስም።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ከዚህ ትምህርት አራት ነገር ያዙ። መሣሪያውን ከለወጣችሁ በኋላ ከትምህርቱ ቀን በፊት ሞክሩት። ሲቆም ምልክቱን በሦስቱ ጥያቄ ለዩ። አንድ በአንድ እየለወጣችሁ በደብተር ጻፉ። ለማታውም ሁልጊዜ ያለ ፊልም የምታስተምሩበትን ነገር ያዙ።

ለመለማመጃ የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ሥዕሉ ቆሞ ድምፁ ቢቀጥል በመጀመሪያ የምትጠረጥሩት ምንድን ነው? ለምን?

2. አንድ ፊልም ብቻ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ላይ ቢቆም ምን ታደርጋላችሁ?

3. ሸት ዳውንና ሪስታርት በምን ይለያያሉ?

4. ዊንዶውስ ከተለወጠ 12 ቀን ቢሆነው፥ በ«ጎ ባክ» መመለስ የማይቻለው ስለ ምንድን ነው?

5. በቀበሌያችሁ በሚቀጥለው የፊልም ማታ ላፕቶፑ ቢቆም በእጃችሁ ምን ይዛችሁ ትቀርባላችሁ? አሁኑኑ በደብተራችሁ ጻፉት።